ሰባ ሁለት ኪሎ

ይህ የኡራል ጋሪ፣ ይህ የጎን፣ ባዶውን አይሄድም፤
ወደ ቀኝ ሲታጠፍ መሬቱን አይወድም፤
ጎማው ብድግ ይላል እንደ ኩሩ እንግዳ፣
ሊደፋኝ ቁልቁለት፣ እንደ ድንጋይ ናዳ።

ኦታር፣ ሚዛኑማ አንተ ነበርክ ድሮ፣
ባልታጠፈ እግርህ ላይ ካርታህ ተወጥሮ፣
“ቀስ በይ! ፍሬን! ማርሽ!” ስትጮህ በእሮሮ።
ሰባ ሁለት ኪሎ።
የሐኪም ቤት ሚዛን፣ የኋለኛው ዕለት፣ አርባ ስድስት ብሎ
ሲናገር አላመንኩም።

በቴላቪ ገበያ ድንች ሻጯ ሴት
“ለሠርግ ነው?” አለችኝ፣ ስትሰፋ ከረጢት።
“ለመንገድ።”
“ብቻሽን?”
ዝም አልኩኝ። መዘነች።
ሁለት ፍሬ ድንች በላዩ መረቀች።

የአባኖ መንገድ፣ መንገድ ካሉት ማለት፣
ተራራ ላይ በጥፍር የተጫረ ጽሕፈት፤
አንዱ ጎኑ ዐለት፣
አንዱ ጎኑ ጉም ነው፣ ከጉሙ ሥር ጥልቀት።
ከፍታው ሲጨምር ሞተሩ አየር አጥሮት
ሳል ጀመረው፣ ደረቅ። ያንን ሳል አውቀዋለሁ፤
ሦስት ክረምት ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ስሰማው አድሬአለሁ።

በየጠመዝማዛው የሙታን ምስል አለ፣
በጥቁር ድንጋይ ላይ፣ ፈገግ እንዳለ፤
ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ አንድ አዲስ ሙሽራ።
ከሥራቸው ብርጭቆ፣
አላፊ አግዳሚው ቀድቶላቸው፣ ጠጥቶ እንዲያልፍ ነው።
ይቅርታ አልኳቸው፤ እየነዳሁ ነው።
አንተማ አልጋ ላይ ነው፣ በሳንባ በሽታ፤
መንገዱ አያውቅህም፤ እዚህ የለህም ቦታ።

ከጫፉ ሥር በረዶ መንገዱን ዘግቶታል።
ኤሊዝባር ቡልዶዘሩን አቁሞ ያጨሳል።
ጋሪውን አየና፣
“ማንን ጭነሽ ነው?” አለ። “ድንች” አልኩት። ሳቀና፣
“ድንች የሱፍ ቆብ አድርጎ አላየሁም ገና።”
አላስረዳሁትም። እሱም አልጠየቀ።
ብረቱን ዝቅ አርጎ ግግሩን ፈለቀቀ።
አምስት ኪሎ ሰጠሁት። ስልሳ ሰባት ቀረህ።
እንዲሁ ነው፣ ኪሎ በኪሎ፣ ሕመሙ የጀመረህ።

ማታ ድንኳን ተከልኩ፣ ከወንዙ በላይ፤
ካስማው አልገባ ቢል ገመዱን አሰርኩት ከትልቅ ድንጋይ።
ሁለት ድንች ረመጥ ውስጥ፤
አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለማንም።
የማንምንም ድርሻ በላሁት እኔም፤
ርቦኝ ነበር። ሐዘን ሆድ አይሞላም።
ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቀጭ ቀጭ ይላል፤
እንደ ሽማግሌ፣ ሊቀመጥ ጉልበቱን ሲያጥፍ ያቃስታል።
የኮከቡ ብዛት! አንተ ብትኖር ኖሮ
ስማቸውን በጠራህልኝ፣
ግማሹን አሳስተህ፣ በድፍረት፣ እንደ ድሮ።

በማግስቱ ለማክቫላ፣ አይብ ለሰጠችኝ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ።
ጎማዬን ለለጠፈው ለቶርኒኬ ስምንት፤
ገንዘብ አልቀበልም ብሎ።
ጆንያው ተጨማዶ፣
ቆቡ እስከ ወገቡ ወርዶ፣
አየሁት፣ አሰላሁት፣ ዝናብ እየጣለ፤
አርባ ስድስት ነበር።
ያ የሐኪም ቤት ሚዛን ዋሽቶኝ አልነበረም ለካ።

ስመለስ፣ ቁልቁል፣ ቀኝ መታጠፊያው ላይ፣
ጎማው ብድግ አለ፣ ጋሪው ወደ ሰማይ።
ፍሬን። ቆምኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ።
ድንጋይ ሞልቶ ነበር፣ ልክ ባንተ መጠን፣ የተቀመጠ።
ልጭን ጎንበስ አልኩ።
አንዱን አነሣሁት፤ በጣም ይቀዘቅዛል።
መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ
ደረቴን በሙሉ ወደ ጋሪው ጥዬ፣
ቆብህ ጉንጬን እስኪነካው ድረስ ዘንበል ብዬ፣
ጋዝ ሰጠሁት፣ በጥቂቱ።
ጎማው መሬት ያዘ።
“ቀስ በይ” ያለኝ የለም። ቀስ አልኩ፣ በገዛ እጄ።

ቀጣዩ መታጠፊያ ወደ ግራ ነበር።