አንዲት ሴት ትጠይቃለች

ጉደይቢያ ነው ሰፈሩ፣ ከስልክ ጠጋኙ በላይ፣
ሊፍቱ ከቆመ የቆየ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ።
ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣
ወንበሩ ሲሞላ፣ ደረጃው ሲሞላ፣
ኡስታዛ ቡሰይና መነጽሯን ትጠርጋለች፤
«ቀጣይዋ ትግባ» ትለኛለች።
እኔ መሐል ቁጭ፣ ምላሴን አከራይቼ፣
በሰዓት ሁለት ዲናር፣ ሻዩን በነጻ ጠጥቼ።
«አንዲት ሴት ትጠይቃለች» — እንዲህ ነው አጀማመሬ፤
ስሙ ኋላ ይደርሳል፣ ነገሩን ዘርዝሬ።

ዘምዘም ናት፣ የከሚሴዋ፤ ሰባት ወር ደመወዝ የለም።
«እማማ ደግ ናቸው» አለች፣ «እኔን አይክዱኝም፤
ልክ ሲሞላላቸው...»
ኡስታዛ አቋረጠቻት፦ «ወረቀት አለ ወይ?»
«ቃል አለ» አለች ዘምዘም፣ «ቃል አይበቃም ወይ?»
ኡስታዛ ያለችው «አይበቃም» ብቻ ነበር፤ እኔ አስረዘምኩት፦
«ቃል በዚህ አገር በረዶ ነው፣ ከፍሪጅ የወጣ፤
በነሐሴ በረዶ ይዞ ዳኛ ፊት ማን መጣ?
ደብተር ግዢ፤ ቀን ጻፊ፤ የሰጡሽን፣ የነሱሽን፤
ፎቶ አንሺ ውልሽን፣ ደብቂ ቅጂሽን።»

ይታይሽ፣ የስማዳዋ፣ ዋስ ሆና ፈርማለች፤
የተበደረችው ጓደኛ ሌሊቱን በርራለች።
ባንኩ ለይታይሽ ይደውላል፣ በቀን አሥር ጊዜ፣
ሕፃን ስታጥብ፣ ዓሣ ስትጠብስ፣ በሳቅ በትካዜ።
«ምን ላይ እንደፈረምሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።
«እዚህ ጋ ሲለኝ ነው» አለች፤ አውራ ጣቷን አየኋት፤
ቀለሙ ዛሬም ያለ ይመስል በቀሚሷ ጠረገችው።
ኡስታዛ ወረቀቱን መብራቱ ላይ ያዘችው፦
«ዋስነት ወዳጅነት አይደለም፤ ዕዳ ነው፤ ንገሪያት።
አትሽሽ በያት፤ ስልኳን አታጥፋ በያት፤
በጥቂት በጥቂት እንድትከፍል ደብዳቤ እጽፋለሁ።»
ነገርኳት። አለቀሰች። ሶፍት አልቆ ነበር፤
የማተሚያ ወረቀት ቀድጄ ሰጠኋት።

ከዚያ እትዬ አገሬ። ጉዳያቸው አርባ ዲናር፤
ሳህን ሰበርሽ ተብለው የተቆረጠባቸው ነበር።
ኡስታዛ በእርሳስ ደመረች፣ ደግማ ደመረች፤
«የክሱ ወጪ ይበልጣል፤ ይተዉት በያቸው» አለች።
እትዬ አገሬ ሻርፓቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ፣
በላ ልበልሃ የሚሉ እስኪመስሉ፦
«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣
ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ!»
በቅሎን በግመል ቀየርኩ፣ ጭብጦን በኩብዝ።
ኡስታዛ ሳቀች፤ «መዝገብ ክፈቺ፤ የኩብዙን ነገር እንያዝ።»

ሲመሽ ደረጃው ጸዳ። የኤሲው ውኃ ባልዲው ውስጥ ጠብ ይላል።
ቦርሳዋን ስትዘጋ፦
«አንዲት ሴት ትጠይቃለች» አልኩ።
ወንበሩን አየችው። ማንም የለም።

«ሴትየዋ ዐሥራ አንድ ዓመት ለወንድሟ ልካለች፣ በየወሩ፤
ኮምቦልቻ ላይ ቤት ቆመ፤ ሰማያዊ ነው በሩ።
ካርታው በእሱ ስም ነው። አሁን ሚስት አግብቷል፤
ስልክ አያነሳም፤ ቢያነሳም መስመሩ ይቆራረጣል።»

«የሐዋላ ደረሰኞቿስ?»
«በካርቶን አሉ። ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ሆነዋል።»
«የገንዘቡ ምክንያት በሚለው ቦታ ምን ብላ ሞላች?»
«ለቤተሰብ ድጋፍ።»

ባልዲው ሁለት ጊዜ ጠብ አለ።
«የኔ ሕግ ባሕር አይሻገርም፤ እዚያ ጠበቃ ትያዝ።
የላከችበትን ቤት ትጠይቅ፤ የነጣው ወረቀት እነሱ ዘንድ ይኖር ይሆናል።
ግን ወንድሟ ስጦታ ነው ቢል፣
ያ ቃል የራሷ ነው፤ በራሷ እጅ የተጻፈ።»
መነጽሯን አወለቀች፤ ወደ እኔ አላየችም።
«ንገሪያት» አለችኝ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣
መብራቱንም አጠፋች።

በአረብኛ ሰምቼዋለሁ።
በአማርኛ ገና ነው።