እንጃ ያለችው

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በስልክ፣ በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት ወንበር፣
የሰው አፍ ነበርኩኝ፣ የሰው ቃል ሳሻግር።
ደንቡ «አለች» አይወድም፣ በ«እኔ» ተርጉሙ ይለናል፤
እናም የማላውቃት እናት እንባዋ በኔ ድምፅ ይወርዳል።
«ልጄን ሱስ ያዘብኝ» ብያለሁ ስንት ቀን፣
ልጁ የኔ ሳይሆን።
ስልኩን እዘጋና ምሳዬን እበላለሁ፤
ጨው አነሰው እላለሁ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። የኮለምበስ በረዶ መስኮቱን ደፍኖታል፤
በያፌት የሂሳብ ደብተር ጀርባ የቦታ ስም ጽፌ፣ እጄን ያልበኛል።
እኔ ያልኩት እኔው ነኝ። ልጁም የኔው፤
አስራ ሰባት ዓመቱ ነው።

ደምሰው የመታጠቢያ ቤቱን በር ከማጠፊያው ነቅሎታል፣ ከዚያች ሌሊት ወዲህ፤
ኮሪደሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ እንደ አዲስ ተከራይ፣ ይኸው እስካሁን እዚህ።

አንደኛው ቦታ ከኤርፖርቱ ወዲህ ነው፤ ሃያ ስምንት ቀን፣ ኢንሹራንስ ይከፍላል።
«በሃያ ዘጠነኛውስ?» አልኩ። ጠብቂ አሉኝ፤ ሙዚቃ ይሰማል።

ሁለተኛው ፈረስ አለው። ኩሬ አለው። በወር አስራ ዘጠኝ ሺህ ዶላር፤
«ከመቶው ዘጠና አምስቱ ይድናሉ» አለኝ ሰውዬው፣ ድምፁ እንደ ማር።
የቤቱን ወረቀት አወጣሁ፣ የመኪናውን ዕዳ ደመርኩ፣
የደምሰውን የሌሊት ሺፍት በሁለት አባዛሁ፣ ቀነስኩ፣
ከዚያ ስለ አምስቱ ጠየቅኩ፦
የእናቶቻቸው ስልክ ይኖርህ ይሆን? ብዬ።
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሰረዝኩት በእስክሪብቶዬ።

ምንውየለት ከሲያትል ደወለ፦ «ሀገር ቤት ላኪው፣ ጸበል ይጠመቅ፣ ሰው ይሆናል።»
«አሁን ምንድነው ታዲያ?» አልኩት ወንድሜን፤
መስመሩ ዝም ይላል።

ሦስተኛው ዴይተን ነው፣ አሮጌ የጡብ ቤት፤ ስልኩን ያነሳችው ሴት ትስላለች፤
«አስተርጓሚ ላቅርብልዎት?» ትለኛለች።
«አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ» አልኩና እንግሊዝኛው ጠፋኝ፣
«ልጄ» የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆማ ተናነቀችኝ።
ጠበቀችኝ፣
ያለ ሙዚቃ።

«ይድናል?» አልኳት፣ በቃ።
«እንጃ» አለችኝ። በራሷ ቋንቋ ነው ያለችው፤ እኔ ነኝ እንጃ ያደረግኩት፣
ከስንት ሺህ ቃል መሃል ሳልፈልግ ያገኘሁት።
«ሊያገረሽበት ይችላል። አንዳንዱ አጥር ይዘላል፤ ከዘለለ በሌሊትም እደውላለሁ።
አንዳንዱ ሦስቴ ይመለሳል፤ አልጋ ካለኝ እቀበላለሁ።
ምን ይወዳል ልጅሽ?»

ይህን ማንም አልጠየቀኝም። ሐኪሙም፣ ዳኛዋም።
ብስክሌት ይፈታል፣ አልኩ፤
መልሶ ሲገጥመው ሁሌ አንድ ብሎን ይተርፈዋል።
ሳቅ መጣብኝ። ለካ ይሄም ልጅ እሱ ነው።

የሐሙስ አልጋ ያዝኩለት።

«ገመድ ያለው ልብስ አይገባም» ይላል የላኩልን ወረቀት።
የሹራቡን የኮፍያ ገመድ ከአንድ ጫፍ ይዤ ሳወጣው፣
ከደረጃው ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ስንት ሳምንት ሲሸሸኝ የከረመው፤
ገመዱን ጣቱ ላይ ጠመጠመው፣ ፈታው፣ ጠመጠመው።
«ይሄ ነገር... ተመልሶ ይገባል?» አለ፣ በተሰባበረ አማርኛው።
«እንጃ» አልኩት።
«በመርፌ ቁልፍ ጫፉን ይዞ፣ ቀስ እየተባለ
ነው።»