ከኋላ የጫንኩት

ዕቃውን የደረደርኩት እኔ ነኝ።
ጄኔሬተሩን ከኋላ፣ ከአልጋው ሥር፣
የውሃውን ጀሪካን ከእሱ ጋር፣
ከሰሉን፣ ሩዙን፣ የብረት ድስቱን፣
በበረዶ የታጨቀ የሥጋ ሣጥኑን፤
ፊቱ ይቅለል፣ መኪናው አይጨነቅ ብዬ፣
ጓዳ እንደማሰናዳ፣ በገዛ ሙያዬ።

ጎረቤታችን ጆአኪም፣ ካራቫኑን ያዋሰን ሰው፣
ብራምፕተን ግቢው ውስጥ ሰንሰለት እያጠበቀ ሽመክትን ሲያስጠነቅቀው፣
«ከወላገደ» አለው፣ «ፍሬን እንዳትረግጥ፤
መሪውን ቀጥ አርገህ ያዝ፣ ነዳጁን ልቀቅ፣ አትደንግጥ።
ከመሪው ሥር ያለችውን ትንሽ ሣጥን በጣትህ ጫን፣
የተጎታቹ ፍሬን ብቻ ይያዝ፣ እሱ ይሳበው መኪናውን።»
ሽመክት ራሱን ነቀነቀ። ጎማ ነበር የሚያየው።
የሰማሁት እኔ ነኝ፣ የይዲድያን ጫማ እያሰርኩ፣ ሳላስበው።

የሐምሌ ማብቂያ ዓርብ ነው፣ ሰኞን የሚጨምር ዕረፍት፣
ቶሮንቶ ነቅላ ወጥታ ወደ ሐይቅ የምትሸሽበት።
አራት መቶ አንድ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣
ብረት ከብረት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣
ሚልተንን አልፈን፣ ዳገቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር፣
ልጁ ስንት ቀይ መኪና እንዳለፈን በጣቱ ሲቆጥር፣

ባለ አሥራ ስምንት ጎማው መጣ፣ በግራ፣ እንደ ግድግዳ።
መጀመሪያ ወደ ጎኑ ሳበን፣ ዘመድ እንዳገኘ እንግዳ፤
አልፎን ሲሄድ ግን
ገፋን፣ እንደ ባዳ።

በመስታወቱ አየሁት።
ያ ነጭ ቤት፣ መጋረጃ የሰቀልኩበት፣
ግራ አለ።
  ቀኝ አለ።
ደግሞ ግራ፣
    ደግሞ ቀኝ፣
ከፊተኛው የኋለኛው እየሰፋ፣
እንደ ሰከረ ሚዜ ሙሽራውን እየገፋ።
ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ፣ ስሰማው የኖርኩት ተረት፣
ያን ዕለት ገባኝ፣ በሰዓት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ስበርበት።
«ከፈረሱ ጋሪው» የሚሉትም ለካ ቀልድ አይደለም፣
ጋሪው ሊቀድመን ተነሳ፣ በመስኮቴ ዞረ ዓለም።
ከጎናችን ሚኒቫን ውስጥ አንዲት ሴት አፏን ከፍታ አየችኝ፣
ድምጿ አይሰማም። ልጇን አየሁባት። እሷም ልጄን አየችብኝ።

ሽመክት መሪው ላይ ተጣብቋል፣ ጣቶቹ እንደ ዋርካ ሥር፣
እግሩ ፍሬን ፍለጋ ሲሄድ አየሁት፣ ከጉልበቱ ሥር።
«አትርገጥ!» አልኩት። የእኔ ድምፅ አይመስልም።
ተንጠራርቼ ሣጥኗን ጫንኩ። ጫንኩ። አልለቅም።
አንድ።
ሁለት።
ሦስት።
ከኋላ ሰው ቀሚሴን ጨምድዶ የያዘኝ መሰለኝ፤
ቤቱ ጎተተን፣ ተቃና፣ እንደ ተገራ በቅሎ ተከተለኝ።

መንገድ ዳር ቆምን። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መሬቱ ይርዳል።
ሽመክት ጣቶቹን ከመሪው አንድ በአንድ ይነቅላል።
ይዲድያ «እንደገና እናድርገው?» አለ።
ማንም አልሳቀም።
«ነፋስ ነው» አለ ሽመክት፣ «የዚያ መኪና ነፋስ፤
እጄ ባይጠነክር ኖሮ አልቆልን ነበር፣ ያለ ንስሐ፣ ያለ ቄስ።»
ዝም አልኩ።

የካራቫኑን በር ከፈትኩ። እንቁላሉ ሁሉ ወለሉ ላይ፣
ሩዙ ተበትኖ፣ በረዶ የዘነበ መስሏል በጠራራ ፀሐይ።
ጄኔሬተሩን አቅፌ፣ እያማጥኩ፣ ወደ ፊት አሻገርኩ፤
ጀሪካኑን፣ ከሰሉን፣ ድስቱን ከጎማው ወዲህ ደረደርኩ።
ስወርድ ሽመክት ጠየቀኝ፦ «ምን ስትሠሪ ነበር?»
«እንቁላል ስጠርግ» አልኩት፣ «የለም ሌላ ነገር።»

ዛሬም ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ታሪኩን ያወራል፤
ነፋሱ በየዓመቱ ይበረታል፣ መኪናው በየዓመቱ ይረዝማል።
እኔ ሳህን አነሳለሁ።
ጆአኪም ብቻ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠየቀኝ፦
«ከባዱን ዕቃ ከፊት ነበር የጫናችሁት?» ትኩር ብሎ አየኝ።
«ስንመለስ፣ አዎ» አልኩት።