ሁለት ዲግሪ

ከበረሳ ማዶ፣ ውርጭ ባነጣው ሜዳ፣
ከኮሌጁ ጓሮ፣ ከብረቱ ጓዳ፣
ማለዳ እገባለሁ ቱታዬን ለብሼ፣
የደነዘዘ ጣት በትንፋሽ ዳብሼ።
የደብረ ብርሃን ብርድ ብረት ላይ ሲያድር
ላሜራው ይነክሳል ባዶ እጅ ሲደፍር።

መምህር ሸዋቀና የመጀመሪያ ቀን
ምንም ሳይናገር ዘርግቶ እጆቹን
«ቁጠሩ» አለን።
ቆጠርን።
ዘጠኝ ተኩል።
«አስር ይዛችሁ ገባችሁ፤ አስር ይዛችሁ ውጡ።
ሌላው ትምህርት ሁሉ
ከዚህ በኋላ ነው።»

ከዚያ ፔዳሉን አሳየን፣ መለኪያውን፣
ላይኛውን ጥርስ፣ ታችኛውን ቦዩን፣
እግር እንዳይቸኩል ዓይን ቀድሞ ሲለካ፣
አንዲት ሚሊ ሜትር ስንቱን እንደምትነካ።

ዘጠና አጠፍኩለት፤ ማዕዘን አስያዝኩት፤
ፕሬሱ ሲለቀው
ዘጠና ሁለት ሆኖ አገኘሁት።
«ብረት ያስታውሳል» አለኝ ጎንበስ ብሎ፣
«ዝርግ እንደነበረ፣ ሜዳ እንደ ትናንት፤
ዘጠና ከፈለግሽ ሰማንያ ስምንት
አልፈሽ እጠፊው፤
ሁለት ዲግሪ ለትዝታው ተይለት።»

እኔ ስለ ትዝታ ልማር አልመጣሁ፤
ከአንኮበር ሥር ነው፣ በወናፍ ትንፋሽ ያደግሁ።
ማረሻው፣ ማጭዱ፣ የሰፈሩ ሁሉ
በአያቴ እጅ ያልፋል፤ «ጠይብ ነው» ይላሉ።
ቀን ማረሻ ይዞ በሩ ላይ የዋለ
ማታ ልጁን ሸፍኖ «ዓይኑ አይይብኝ» አለ።
እና የኮሌጁን ፎርም ስሞላ
«የቤተሰብ ሙያ» ከሚለው በኋላ
«ግብርና» ጻፍኩ፤
ከሌላ ሰው ማረሻ በቀር
እርሻ የሚባል ነገር ሳይኖረን።

የምዘናው ዕለት አሸንዳ ነው ሥራው፣
ስድስት መታጠፊያ፣ ጠርዙ የሚዞረው።
አምስተኛው ላይ ስደርስ መብራት ሄደ።
ማሽኑ እንዳዛጋ አፉን ከፍቶ ቀረ፤
መዛኙ ሰዓቱን አይቶ አጉረመረመ፣
ሰልጣኙ ፀሐይ ሊሞቅ ከግድግዳው ቆመ።
«በእጅ የሚጨርስ አለ?» አለ ሸዋቀና፤
እኔን አላየኝም፤ ያውቃል መሰለኝ ግና።

መዶሻው ጠረጴዛው ላይ ነው።
ሁለት እርምጃ ነው።
በሁለቱ መካከል ቆሟል ግን እሸቴ፣
አሳምሮ ያውቃል ማን እንደሆን አያቴ።

ሄድኩ።
እንጨቱን መዶሻ አነሣሁ። ክንዴ አልጠየቀኝም፤
ሲወርድ የሚያውቀውን ከኔ አልተማረም።
ጠርዙ እንደ ቅጠል ዳር ቀስ ብሎ ዞረ፤
ድምፁ አዳራሹን ሞልቶ
የደበቅሁትን ሁሉ ተናገረ።

ቀና ስል የላሜራው ሌላው ጫፍ ተይዟል።
እሸቴ ነው።
ጓንት የለውም፤ ብርዱ ጣቱን በልቶታል።
«እንዳይንሸራተት» አለ።
ሌላ ቃል አልጨመረ።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤
ሳህኑን በክንዱ ከልሎ፣ አቀርቅሮ ዋጠ።

አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ግን ብረት
አንዴ በመታጠፍ አይረሳም ዝርግነት።
ሳህኔን አነሣሁ።
ሄጄ ፊት ለፊቱ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።
«ጨው አቀብለኝ» አልኩት።

ቆየ።
ብርዱ በተሰበረው መስታወት ገብቶ ወጣ።
ከዚያ ክንዱ ከሳህኑ ላይ ተነሣ፤
ሁለት ዲግሪ ያህል።