ጠማማው ክር

ካስቴዮን ይሉታል፣ ከባሕር የተጠጋ፣
በረዶ የማያውቅ፣ ቢመሽም ቢነጋ።
ብርቱካኑ ብቻ፣ በረድፍ ተሰልፎ፣
ዓመቱን ይዘልቃል፣ ቅጠሉን ታቅፎ።

ዛምፊራ እዚያ ናት፣ ከማሸጊያው ቤት፣
አሥራ ሰባት ዓመት፣ በቆመችበት፤
ጠባሳ ያለውን፣ ከደህናው ስትለይ፣
በጣቶቿ ዳብሳ፣ በዓይኗ ሳታይ።
ዓይኗማ ቦቶሻን፣ እናቷ ደጅ ላይ ነው፣
ራቁቱን ፕሪም ዛፍ፣ በረዶ ከጫነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚኒባስ ይመጣል፣
ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌት፣ አምስት ድንበር ያልፋል።
ሾፌሩ ድራጎሚር፣ ከኋላው በር ቆሞ፣
ስም እየጠራራ፣ ጆንያ ተሸክሞ፦
«የታራሱ ቤት ነው! በርበሬ በጠርሙስ፤
ይቺ የፕሪም አረቄ፣ ለኮስተል ትድረስ፤
ቀስ በሉ፣ እንቁላል ነው!»
ለዛምፊራ ግና፣ ቀላል ናት ዕቃዋ፣
መጋቢት ሊባት ሲል፣ አንዲት ፖስታ ናት ዕጣዋ፤
ውስጧ ቀይና ነጭ፣ ባንድ ላይ ተገምዶ፣
ቀዩ የፀደይ ደም፣ ነጩ የክረምት በረዶ።

ማተብ እንዳይሉት፣ ዕድሜ ልክ አይታሰር፤
ጌጥም እንዳይሉት፣ ሳንቲም አያስቆጥር።
ማርጺሾር ነው ስሙ፤ ከደረት ይሰካል፣
ዛፍ እስኪያብብ ድረስ፣ ቀን ይቆጠርበታል፤
ያበበ 'ለት ወርዶ፣ ቅርንጫፍ ላይ ያድራል።

ዘንድሮ ስም አለቀ። የሷ አልተጠራም።
ድራጎሚር ቆቡን አወለቀ። «አትደንግጪ በይ፤
እናትሽ ደህና ናቸው፤ ጎመን ይጠቀልላሉ፣
ጎረቤት ይሰድባሉ፤
ዓይናቸው ነው እንጂ፣ ቀይና ነጭ አይለይ።
‹ራሷ ትግመደው› ብለዋል። ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።»

ማታ አዳራሹ፣ በኪራይ ተይዟል፤
ሆራው ክብ ሠርቶ፣ ወለሉን ያናውጣል።
ከሻንጣ የወጣው፣ ጥልፍ ሸሚዝ ሁሉ፣
ናፍታሊን ይሸታል፣ ያበባው ቅጠሉ።
ጎረቤት ዶን ቪሴንት፣ ግራና ቀኝ ጠፍቶት፣
የሰው እግር ረግጦ፣ ይስቃል በድፍረት።

ዛምፊራ ጓዳ ናት፣ ከልጇ ጋር አለች።
ኢልያና ዘጠኝ ዓመቷ፤ በስፓኒሽ ታልማለች።
«እማ፣ ክሩስ?» አለች።
እናት ዞር ዞር ብላ፣ ከብርቱካን ከረጢት፣
ከቀዩ መረብ ላይ፣ አንድ ዘለላ መዘዘች፤
ነጩን ከሽርጧ፣ ከማሰሪያው ተረተረች።
«ጫፉን ያዢ» አለች፤ «ጠበቅ፤ አትልቀቂ፤
እኔ ስጠመዝዘው፣ አንቺ እንዳትስቂ።»
ሳቀች። ተፈታ። እንደገና ጀመሩ።
ጠማማ ቢሆንም፣ ወጣላቸው ክሩ።

ሚያዝያ ላይ ሄዱ፣ ብርቱካኑ ሲያብብ፣
ፍሬና አበባው፣ ባንድ ግንድ ሲሰበሰብ።
«ይሄ ዛፍ» አለች ልጅ፣ «በረዶ አላየም፤
ፀደይ ነው ብንለው፣ ምንም አይገባውም።»
ዛምፊራ አየቻት፣ በረዶ ያላየች ልጇን፣
ከቅርንጫፉ ላይ፣ ሳታወርድ እጇን።
«ባያይም ይስማ» አለች፤
ቋጠሮውን አጠበቀች።

ሲመሽ ስልክ ደወለች።
«ቋጠርሽው ወይ?» አሉ እናት፣ ከዚያ ማዶ።
«ቋጠርኩት።»
«ቀጥ ብሏል?»
«ጠማማ ነው፣ እንደ ጉድ።»
«እንግዲያው የኛ ነው።»
ከዚያ ሳቅ ይሁን ሳል፣
ሳይለይላት ስልኩ ተቋረጠ።