ውሃ ያልጠጣው ፈረስ

ኦውሉ ከተማ ላይ ባሕሩ ረግቷል፣
ገና በስምንት ሰዓት ጨለማው ነግሷል።
አራት ሰው ቁጭ ብለን ጠረጴዛ ከብበን፣
ሃያ ፊት ላለው ዳይስ ነፍስ አስረክበን።

ፔንቲ ይተርካል፦ «ዘንዶው እሳት ተፋ፤
ድልድዩ ነደደ፣ ከወንዙ ጋር ጠፋ፤
ፈረሱ ሦስት ቀን ጋልቦ ከበረሃው ወጣ...»
«ቆይ» አለች ራኬል፤ «ውሃ የት ጠጣ?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፈረስ ሐኪም ናት፤
ውርንጭላ ስትስብ ጣቷ የተሰበረባት።

«ዘንዶው ይሁን፣ ይብረር፤
አይቼው አላውቅም፣ ምን ብዬ ልከራከር?
ፈረስን ግን አውቃለሁ።
በሁለተኛው ቀን ድዱ ይደርቃል፤
ቆዳውን ብትቆነጥጠው
እንደተቆነጠጠ ይቀራል።»

ሳቅን።
ፔንቲ አልሳቀም። እርሳስ ፈለገ፤
ካርታውን ወደ ራሱ ስቦ
ከበረሃው መሃል፣ ምስር በምታህል ቦታ፣
ጉድጓድ ቆፈረ።

ያኔ ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ሲጠጣ
ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት፤
እስከዚያች ደቂቃ ፈረስ አልነበረም፣
ቃል ነበር።

ራኬል ዝም ብላ ኮርቻው ላይ ወጣች።
ዳይሱ ገና ሳይወረወር፣
የዘንዶው ጥላ በላያችን ሲያልፍ
ከሁላችን ቀድማ ጎንበስ ያለችው
እሷ ናት።