አጭሯ ጭረት

እዚህ ብረት በቀን አይነካም፤ ይፋጃል፤
መፍቻ የጨበጠ መዳፉን ይልጣል።
ሥራችን በሌሊት፣ ከጎማ ክምር ኋላ፣
ሻርጃ ኢንዱስትሪያል፤ አንድ አምፖል፣ ሁለት ሰው፣ የተሰበረ ጥላ።

አውቶቡሱ ፊት ቢጫ ነበረ፣ ተማሪ ጭኖ፤
ኋላ ነጭ ቀቡት፣ የሠራተኛ ሆኖ፤
ከካምፕ ፎቅ ሲያመላልስ ዕድሜውን ጨርሶ
በጨረታ ወጣ፣ ጎማው ተበጣጥሶ።
እኔና ጉል ዘማን ተካፍለን ገዛነው፤
አልጋ ከኋላው፣ ከፊት ወርክሾፕ ልናረገው፣
መንገድ ላይ የቀረ ከባድ መኪና ካለ
እኛው እንድንደርስለት፣ ባለቤቱ ሳይማስን፣ ሳይጉላላ።

ሞተሩ ግን እምቢ።
ያጓራል፣ ይስላል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣
እንደ ሰካራም ዘበኛ መልሶ ያንቀላፋል።
ቴስታታው ወረደ፣ ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣
ኩሽኔታው በናፍጣ ተዘፍዝፎ አደረ።
የቀረው መስመሩ ነው፤ አየር ይዟል ይላል ጆሮዬ።

አባቴ ይመር፣ የአሰብ መንገድ ሰው፣
«ናፍጣ ሆደ ባሻ ነው» ይለኝ ነበር፤ «በግድ አታስነሣው።
አየር ከገባበት ባትሪህን አትግደል፤
ብሎኗን አላላ፣ ፓምፑን ግፋ በል፣
አረፋው እስኪያልቅ ታገሥ፤ ከዚያ አጥብቅ።»
ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፤ ጣልያን የጣለውን ቃል
እሱ አንሥቶ ጠረገው፤ በእኔ አፍ ባሕር ተሻግሯል።
እኔ ፒንሳ ስለው ጉል ዘማን ፕላስ ይላል፤
አስተርጓሚ አያሻንም፣ እጁ ከቃሌ ይቀድማል።

አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ግን የለችም።
ሁሌ እሷ ናት የምትጠፋው፤ አሥራ አራት ጠፍታ አታውቅም።
ጎረቤት ሶርያዊው «አሁን አመጣለሁ» ብሎ ወስዷት ነበር፣
አሁን የሚለው ቃል ግን በየቋንቋው ረጅም ነገር።

እስክትመጣ ድረስ ጉል ዘማን ግራይንደሩን አነሣ፣
ለጭስ መውጫ መስኮት ሊቀድ፣ ግራ ጎኑን ለካ።
ከሦስተኛው ወንበር አጠገብ ቆመና፣
«ሐበሺ!» አለኝ፣ «ይሄ ምንድን ነው? ና።»

በምስማር የተጫረ፣ ከውስጥ ቆርቆሮው ላይ፣
ከተቀመጠ ሰው ክንድ በታች፣ ሹፌር እንዳያይ።
ስም የለው፣ ፊደል የለው።
አሥራ ሁለት ረጃጅም፣ ተርታውን የያዘ፤
ከዚያ አንዲት አጭር፣ ጥፍር የምታህል፤
ከዚያ ደግሞ ረጅም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ከዚያ ባዶ ቀለም።

«ወር ነው» አልኩት። «ወር የቆጠረ ሰው።»
«አጭሯስ? እጁን ደክሞት ነው?»
ጳጉሜን በአረብኛ የምልበት ቃል የለኝ፤
«እኛ አገር» አልኩት፣ «አምስት ቀን የሆነች ወር አለች፣
ደመወዝ የማይከፈልባት።»
ጉል ዘማን ሳቀ፦
«እዚህ አሥራ ሁለቱም እንደዚያ ናቸው።»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም።
መስከረም የጀመረች፣ ታኅሣሥ ላይ ያቆመች፣
ፎቅ ስታጥብ ውላ እዚህ ወንበር የተደገፈች፣
ሴት ነች ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወንድም ይሆናል፣ ማን ያውቃል።
ጥርን የት ቆጠረች? አገሯ ገባች?
ወይስ ወንበር ብቻ ነው የቀየረች?
ሞተር ቢሆን ፈትቼ አየው ነበር።

«ልቁረጠው?» አለ፣ ግራይንደሩ እጁ ላይ እየዞረ።
«አንድ ስንዝር ዝቅ አርግ» አልኩት። መስኮቱ ተዛወረ።

ሊነጋጋ ሲል ሶርያዊው መፍቻዋን መለሰ፣
ብሎኗን አላላሁ፤ ናፍጣው አረፋ ደፍቆ ፈሰሰ።
ፓምፑን ገፋሁ፣ ገፋሁ፣ አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ፤
አረፋው ሳሳ፣ አንድ አንድ ሆነ፣ ጠራ።
አጠበቅሁ።
በሦስተኛው ሞተሪኖ ተነሣ፤ መስታወቱ በሙሉ ተንቀጠቀጠ፣
ከጎማው ክምር ውስጥ የድመት መንጋ አፈተለከ፣ አመለጠ።
ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ምንም።

ከሆዱ ሥር ዘይት አሁንም ጠብ ይላል።
የቲማቲም ጣሳ ደገንኩለት።
ለዛሬ ይብቃን፤ ፀሐይ ብረቱን ልትነካው ነው።